የሐራጅ አሮጌ ዕቃ የምትገዙ፣ እጃችሁን ከማንሳታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ባለፈው ሳምንት ሐራጅ ላይ አንድ ካርቶን ሙሉ አሮጌ ዕቃ ገዛሁ። እስካሁን ያንገበግበኛል። መነሻ ዋጋው በጣም ትንሽ ነበር፣ ከላይ የተቀመጠው የማርያ ቴሬዛ ብር ደግሞ 1780 ይላል፤ ያንን ሳይ ሌላውን ማየት ተውኩ። አንዱ ሲጨምር እኔም ስጨምር መዶሻው መታ።

ነገሩ የገባኝ ቤት ስደርስ ነው። ብሩ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከዚያ በኋላ የተመታው የማርያ ቴሬዛ ብር ሁሉ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሮምና ለንደን የተመታው ሳይቀር፣ የያዘው ያንኑ ዓመት ነው። ስለዚህ ቁጥሩን አይታችሁ ዕድሜውን አታውቁም። የእኔው ጭራሽ ከብር የተሠራም አይደለም። ትክክለኛው 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ይኼ 22 ነው። «ማግኔት ካልሳበው ብር ነው» የሚሏችሁን እንዳትሰሙ፤ መዳብንም ነሐስንም ማግኔት አይስባቸውም።

«የብር» የተባለው ትሪ ጀርባው ላይ ኢፒኤንኤስ (EPNS) የሚል ምልክት አለው። ይህ ማለት ላዩ በስሱ ብር የተቀባ፣ ውስጡ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው። «150 ዓመት ሆኖታል» ያሉት የእንጨት ሣጥን ደግሞ ማጠፊያው የታሰረው በመስቀል ካቻቢቴ በሚፈታ ብሎን ነው። እንዲህ ያለ ብሎን ገበያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው። በኋላ ተጠግኖ ይሆናል ብዬ ብሎኑን ፈትቼ አየሁት፤ የድሮ ቀዳዳ እንኳ የለበትም።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ሒሳቡ ነው። ባሸነፍኩበት ዋጋ ላይ 20 በመቶ የገዢ ኮሚሽን ጨመሩበት። ደንቡ ላይ ተጽፏል፣ እኔ አላነበብኩም። ልመልስ ብዬ ስደውል «ባለበት ሁኔታ ነው የተሸጠው» ብለው ዘጉት።

እባካችሁ፣ ከጨረታው በፊት ዕቃ የሚታይበት ቀን አለ፣ በዚያ ቀን ሂዱ። ትንሽ ሚዛንና ማጉያ መነጽር ያዙ። ካርቶኑን እስከ ታች ፈትሹት፤ ደህናውን ከላይ አድርጎ ስብርባሪውን ከሥር መክተት የተለመደ ነው። ኮሚሽኑን ደምራችሁ የመጨረሻ ዋጋችሁን ወረቀት ላይ ጻፉ። አጠገባችሁ ያለው ሰው ምንም ያህል ቢጨምር ከዚያ አትለፉ፤ ዋጋ ለማስወደድ የተቀመጠ የሻጭ ሰው ሊሆን ይችላል። አስቀድሞ ማየት አይቻልም ካሏችሁ ደግሞ ጥላችሁት ሂዱ።