ፌሮ የምትገዙ ተጠንቀቁ፦ ዳሩ 12፣ መሃሉ 10

ንዴቴ ገና አልበረደም። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ቤት የምትሠሩ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። «እህቴ፣ ላንቺ ስለሆነ ነው» ብሎ የሚጀምረው ዓይነት ነው። ከፌሮው ክምር አንድ ቤርጋ (አንድ ዘንግ) መዘዘና ካሊፐር፣ የውፍረት መለኪያውን፣ አምጥቶ ዓይኔ ሥር ለካው። «ይኸው፣ 12 እንቅጩን!» እውነትም ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር ነበር። 40 ቤርጋ ልገዛ ተስማማን። አይሱዙው መጫን ሲጀምር «ሂሳቡን ውስጥ እንጨርስ» ብሎ ቢሮ አስገባኝ። በሞባይል ላክሁለት። ገንዘቡ እስኪገባ ስልኩ ላይ እንዳፈጠጠ ቆመ። ስንወጣ ብረቱ በሽቦ ታስሮ ተጭኖ አልቋል። ከጫኞቹ አንዱ ዓይኔን ሲያይ ፊቱን አዞረ።

ሳይት ላይ ፌራዮው (ብረት ሠራተኛው) እስሩን ፈታና ዝም አለ። ዳር ዳሩ 12፣ መሃሉ 10! ሲቆጠር 28ቱ ባለ 10 ናቸው። ርዝመቱ 12 ሜትር የሆነ ቤርጋ ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር ከሆነ ወደ 10.6 ኪሎ ይመዝናል፤ 10 ከሆነ 7.4 ብቻ። ወደ 90 ኪሎ የሚጠጋ ብረት ሳይሰጡኝ አስከፍለውኛል። ገንዘቡስ ይሁን፤ ይህ ብረት ኮለን (የቤቱ ምሰሶ) ውስጥ ሊገባ ነበር። ልጆቼ የሚተኙበትን ቤት ሊሸከም!

ተመልሼ ስሄድ ካሸሯ ከስልኳ ቀና እንኳ አላለችም። «ማዘር፣ ከግቢ የወጣ ዕቃ አይመለስም።» ሰውየው ያንኑ ካሊፐር ይዞ ለሌላ ደንበኛ እየለካ ነው። «ጉዳዩ ፍትሐ ብሔር ነው፤ ክሰሺና ስትመላለሺ ኑሪ» ብሎኝ ሳቀ።

ውሸቱን ነው። ተስማምቶ ማቅረብ ያቃተው ሰው ጉዳይ ፍትሐ ብሔር ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት አንዱን አሳይቶ ሌላውን ለመጫን ያሰበ ግን አታላይ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 የማይገባ ብልጽግና ለማግኘት ሰውን አሳስቶ ንብረቱን የሚያሳጣን ሰው ይቀጣል፤ እንደ ክብደቱ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሳል። ካሳውንም ከወንጀሉ ክስ ጋር አብሮ መጠየቅ ይቻላል፤ አንቀጽ 101 ይፈቅዳል።

እስሩን አስፈትታችሁ ሳታዩ አትክፈሉ። ደረሰኙ ላይ «ብረት» ብቻ ሳይሆን ውፍረቱንም አስጽፉ። የተጭበረበራችሁ ካላችሁ ብረቱን እንዳለ አስቀምጡት፤ ማስረጃችሁ እሱ ነው።