ብቻችሁን ሐዋሳ የምትሄዱ፣ ከ«ግማሽ ኪሎ» ሂሳብ ተጠንቀቁ

ለሥራም ይሁን ለሥልጠና ወይም ለእረፍት ብቻችሁን ሐዋሳ የምትሄዱ ከሆነ፣ ምሳ ከማዘዛችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ከተማዋ ደስ ትላለች፤ ምግቧም ጥሩ ነው። ችግሩ ሐይቁ ዳር ካሉት ቤቶች አንዳንዶቹ ብቻውን የመጣ ሰው ሲያዩ ሂሳቡን የሚሠሩበት መንገድ ነው።

የበላሁበትን ቤት ስም አልጠራም። ጥብስ አዘዝኩ። ሜኑው ላይ አንድ ዋጋ ነው የተጻፈው፤ ኪሎ የሚል ነገር የለበትም። አስተናጋጁ «ለአንድ ሰው አንሠራም፣ ትንሹ ግማሽ ኪሎ ነው» አለኝ። ሥጋው የት እንደተመዘነ፣ መመዘኑንም ጭምር፣ አላየሁም። በሸክላ፣ ከሰል ላይ ሆኖ እየተንቸሰቸሰ ሲመጣ ሽታው ብቻ ያጠግባል። ሽንኩርቱንና ቃሪያውን ገለጥ ስታደርጉት ግን የሚበዛው አጥንትና ጮማ ነው። ሳልጠይቅ ትልቁ ውሃ ተከፍቶ ተቀመጠ። ዳጣውም፣ ትርፍ እንጀራውም እንዲሁ ሳይጠሩ መጡ።

ሂሳቡ የመጣው በእጅ በተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ነው። ጥብሱ ሜኑው ላይ ካለው ዋጋ እጥፍ ሆኗል። ለምን? «የሜኑው ዋጋ የሩብ ኪሎ ነው» ተባልኩ። «ሩብ ካለ ለምን ሩብ አልሠራችሁልኝም?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ «ኪችን አይቀበልም» ነው። ዳጣው ለብቻው ተጽፏል፤ እንጀራው ለብቻው፣ ውሃው ለብቻው። ከታች ሰርቪስ 10 በመቶ፣ ከዚያ ደግሞ ቫት 15 በመቶ። ሥራ አስኪያጁ ተጠርቶ መጥቶ የዳጣውንና የእንጀራውን ቀነሰልኝ። ጥብሱን ግን ንክች አላደረገም።

ይቺን የመቶኛ ነገር ልብ በሏት። ብዙ ሰው 10 እና 15 ሲደመር 25 ነው ብሎ ያልፋል። አይደለም። ቫቱ የሚሰላው ሰርቪሱ ከተጨመረ በኋላ ነው። ሜኑው ላይ 1,000 ብር ያያችሁት ምግብ መጀመሪያ 1,100 ይሆንና በመጨረሻ 1,265 ብር ይወጣል። ማስጠንቀቂያው ካለም ሜኑው ግርጌ ላይ፣ መነጽር በሚያስወጣ ፊደል «ዋጋው ታክስን አይጨምርም» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ከዚህ ሁሉ በኋላም አስተናጋጁ ቲፕ ጠብቆ ይቆማል። ልጁን አልፈርድበትም፤ ሰርቪስ ተብሎ የተቆረጠው እሱ እጅ መድረሱን እንጃ።

ቫት የምትከፍሉ ከሆነ የማሽን ደረሰኝ ጠይቁ። እንደ እኔው ያለ በእጅ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ደረሰኝ አይደለም። «ማሽኑ ተበላሽቷል» ከተባላችሁ፣ ታዲያ ቫቱ ወዴት ነው የሚሄደው ብላችሁ በጨዋ ደንብ ጠይቁ። በቴሌብር ስትከፍሉም ከመላካችሁ በፊት የሚመጣውን ስም እዩ። የድርጅቱ ስም ካልሆነና የግለሰብ ስም ከሆነ ቆም በሉ።

ይሄ ነገር ብቻውን የሚበላ ሰው ላይ የሚበረታው ያለ ምክንያት አይደለም። ምግባችን ራሱ ለጋራ መሶብ የተሠራ ነው። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ስትሄዱ ግማሽ ኪሎ ማንንም አይከብድም፤ አንዱ ሂሳቡን ሲያይ ሌላው ይከራከራል። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል። እዚያ ቤት ግን ብቻውን የበላ የሁለት ሰው ይከፍላል።

ታዲያ የት ይበላ? እኔን ብትጠይቁኝ አሞራ ገደል። ዓሣው ከሐይቁ የሚወጣበት ቦታ ነው፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ትርፍራፊ እየጠበቁ በሰው መካከል ይንጎራደዳሉ። ዓሣ ለብቸኛ ሰው የሚመቸው በቁጥር ስለሚሸጥ ነው። ቆረሶ ከሚባለው ዓሣ አንድ መርጣችሁ፣ ዋጋውን ተነጋግራችሁ፣ እዚያው ይጠበስላችኋል። ዘይት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ግን ዋጋውን ጨርሱ፤ ከተጠበሰ በኋላ የምትከራከሩበት ነገር የለም። መጥበሻው በዋጋው ውስጥ ይኑር አይኑርም ጠይቁ። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ፣ ዓሣ ፆም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለእናንተው ትቼዋለሁ።

ሥጋ ካማራችሁ ሥጋ ቤት ሂዱ። ሥጋው ተሰቅሎ ይታያል፤ ሚዛኑ ፊታችሁ ነው፤ ሩብ ኪሎ ማለት አያሳፍርም። «ከዚህ ጋ ቁረጥልኝ» ማለትም ትችላላችሁ። ለአዘቦቱ ምሳ ደግሞ የባንክና የቢሮ ሠራተኛ የሚገባበትን ቤት ተከተሉ። እዚያ በያይነቱም ሆነ ሽሮ ለአንድ ሰው ነው የሚቀርበው፤ ብቻችሁን ብትቀመጡም ዞር ብሎ የሚያያችሁ የለም። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከደረሳችሁ ግን ወንበር ላታገኙ ትችላላችሁ፤ ትንሽ ቀደም በሉ።

«አሪፍ ቤት ልውሰዳችሁ» የሚል ባጃጅ ሲያጋጥማችሁ አመስግናችሁ እለፉ። ሁሉም አይደሉም፣ ግን ኮሚሽን የሚቀበሉ አሉ። ኮሚሽኑ ደግሞ የሚወጣው ከእናንተው ሳህን ነው። ቅዳሜና እሁድ ሐይቅ ዳር መብላት ደግሞ ለብቸኛ ሰው ባይሞከር ይሻላል። የአዲስ አበባ ሰው በመኪና ሞልቶ ስለሚመጣ ጥሩው ወንበር ለቡድን ይያዛል።

የትም ግቡ፣ ከማዘዛችሁ በፊት ሜኑውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ እኔንም የዳጣውን ብር ያስመለሰልኝ እሱ ነው። ከዚያ «ይሄ ዋጋ የስንት ኪሎ ነው? ታክስ አለው? ዳጣና እንጀራ ለብቻ ይታሰባል?» በሉ። መልሱ «ችግር የለም፣ በኋላ እናስተካክላለን» ከሆነ ቦርሳችሁን አንሡና ውጡ።