ከባሕር ዳር ጎንደር በአየር? ካርታው አይሸውዳችሁ

አገር ቤት ደርሼ መጣሁ፤ የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች ልጻፍላችሁ። በተለይ እንደኔ እናት ይዛችሁ ጎንደር ለምትሄዱ።

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በረራው ደስ ይላል። በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው መንገድ በአየር 330 ገደማ ነው፤ ቢፈጅ አንድ ሰዓት። አውሮፕላኑ ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው። ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ ዓባይ በረሃን ቁልቁል እያያችሁ ትሄዳላችሁ። የዕቃ መደርደሪያው ግን ጠባብ ነው፣ ትልቅ የእጅ ሻንጣ አይችልም። ከውጭ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ለመጣ ሰው የአገር ውስጥ ቅናሽ ስላለ ሳትጠይቁ አትግዙ።

ችግሩ ጎንደር ላይ ነው። እማዬን ከባሕር ዳር ጎንደር፣ አዘዞ ሰፈር እህቷ ዘንድ ላደርሳት ፈለግኩ፤ ጉልበቷን ስለሚያማት መኪና ላይ እንዳትንገላታብኝ ብዬ አየር አሰብኩ። ከባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ኤርፖርት እስከ ጎንደሩ አፄ ቴዎድሮስ ኤርፖርት በቀጥታ ቢለካ 100 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። አንድ ትኬት ቢሮ ገባሁ። «ሃያ ደቂቃ ናት ወንድሜ» አለኝ ልጁ። ያወጣልኝን ጉዞ ሳየው ግን በአዲስ አበባ የሚዞር ነው! መጀመሪያ ወደ ደቡብ 330 ኪሎ ሜትር ልንወርድ፣ እዚያ ቁጭ ብለን ሌላ በረራ ልንጠብቅ፣ ከዚያ በመጣንበት አቅጣጫ ተመልሰን ጣናን አልፈን ጎንደር ልንገባ። ይህን ሳይነግረኝ ነው ክፈል ያለኝ። በጣም ተናደድኩ። አሮጊት እናት ይዤ እንደምሄድ እኮ ነግሬዋለሁ።

ቀጥታ በረራ ቢገኝም የኪሎ ሜትሩን ማነስ ብቻ አትዩ። እንዲህ አጭር በረራ ላይ አውሮፕላኑ ወጣ ሲል ወዲያው መውረድ ይጀምራል፣ ሙሉ ፍጥነቱን አይዝም። ቀድሞ መድረሱ፣ ፍተሻው፣ ሻንጣ መጠበቁ ሲደመር ግማሽ ቀን ይሄዳል።

ስለዚህ ኮንትራት መኪና ያዝን። መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው፣ ሦስት ሰዓት አካባቢ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን ባለ 380 ሜትሩን የዓባይ ድልድይ ተሻግረን፣ የፎገራን የሩዝ ማሳ እያየን፣ ወረታ ላይ ቡና ጠጣን። ሾፌሩን አመሰግነዋለሁ። የፊቱን ወንበር እስከ ጥግ ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ጋቢዋን አጥፎ ከጉልበቷ ሥር አደረገላት። «እማማ፣ ሲደክምዎት ይንገሩኝ፣ እቆማለሁ» አላት፤ አዲስ ዘመን ስንደርስም ሳትጠይቀው ቆመላት። ኤርፖርቱ ራሱ አዘዞ ስለሆነ በአየር ብንመጣም የምንወርደው እዚያው ሰፈር ነበር።

ዋጋ ሳትነሱ ተስማሙ፣ ነዳጅ የማን እንደሆነም ጭምር። መንገዱ ሰላም መሆኑን ደግሞ በዚያው ጠዋት ወረታም አዲስ ዘመንም ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፤ የትናንት ወሬ አይበቃም። ትኬት የምትቆርጡ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት «ቀጥታ ነው ወይስ በአዲስ አበባ?» በሉ። ሰዓቱንም አስተውሉ፤ ትኬቱ ላይ 13:00 ካለ ከቀኑ 7 ሰዓት ማለት ነው፣ ለሚሸኛችሁ ዘመድ በአገሩ ሰዓት ንገሩት።