የ1970 ሼቭሌዬን የፋብሪካ አክስል ላዳኑልኝ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በሜሪላንድ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም በማይርቅ አንድ አነስተኛ ጋራዥ ውስጥ ለረጅም ዓመታት የኋላ አክስልና ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያደርሱትን ክፍሎች) ሲሠሩ ለኖሩ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ይህን እጽፋለሁ። ስማቸውና ስልካቸው እዚህ እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ ፈቃዳቸውን አከብራለሁ፤ ሁልጊዜም ጋሼ ስለምላቸው በዚህ ጽሁፍም እንዲሁ እጠራቸዋለሁ። የ1960ዎቹንና የ1970ዎቹን መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ መስል ካሮች፣ ማለትም ኃይለኛ ሞተር ያላቸውን መኪናዎች፣ የያዛችሁ ወይም ለመግዛት የምታስቡ የአገሬ ልጆች በዚህ አካባቢ መኖራችሁን ስለማውቅ፣ ምስጋናው ለእናንተ ጥቆማ እንዲሆን ሥራቸውን ዘርዘር አድርጌ አቀርባለሁ።

መኪናዬ የ1970 ሼቭሮሌ ሼቭሌ ኤስኤስ 396 ነው። በሰዓት ከ45 እስከ 55 ማይል ባለው ፍጥነት ላይ ነዳጅ ስሰጠው ከኋላ ይጮህ ነበር፤ እግሬን ከነዳጁ ሳነሳ ደግሞ ጩኸቱ ይጠፋል። አስቀድሜ ያሳየሁት ሌላ ጋራዥ፣ ከመኪናው ሥር እንኳ ሳይገባ፣ አክስሉ በሙሉ ወጥቶ አዲስ የተመረተ የፎርድ ዓይነት ባለ 9 ኢንች አክስል (ቁጥሩ በውስጡ ያለው ትልቅ ጥርሳም ቀለበት ስፋት ነው) እንዲገባ መከረኝ። የ9 ኢንቹ ጥንካሬ የሚያከራክር አይደለም። ያሳዘነኝ፣ እንዲጣል የተፈረደበት አክስል ምን ዓይነት እንደሆነ ማንም ለማየት አለመፈለጉ ነው።

ጋሼ ሥራቸውን የጀመሩት ከዚሁ ነው። በቀኝ በኩል ያለውን የአክስል ቱቦ ፊት ለፊቱን በሽቦ ብሩሽ ጠርገው በብረቱ ላይ የተመቱትን ፊደላትና ቁጥሮች አነበቡ፤ የኋላ ሽፋኑን ብሎኖች ቆጥረው 12 መሆናቸውን አረጋገጡ፤ ዘይቱን አፍስሰው ሽፋኑን ከከፈቱ በኋላም የትልቁን ጥርሳም ቀለበት 43 ጥርሶችና ቀለበቱን የሚያዞረውን የትንሹን ጥርስ፣ የፒኒየኑን፣ 13 ጥርሶች እየቆጠሩ ሬሾው (ቀለበቱ አንድ ጊዜ ሲዞር ፒኒየኑ ስንት ጊዜ እንደሚዞር) 3.31 መሆኑን አሳዩኝ። በቱቦው ላይ የተመታው ቀን፣ በመኪናው የሰውነት ሳህን ላይ ከሰፈረው የመገጣጠሚያ ወርና ሳምንት ጥቂት ቀደም ይላል። «ይህ ከመኪናው ጋር አብሮ የተወለደ ነው፤ ዘመድ እያለው ባዕድ ለምን ታመጣበታለህ?» አሉኝ።

በዚያ ዘመን የኋላ አክስል ገዢው በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ ከሚመርጣቸው ነገሮች አንዱ ስለነበር፣ አንድ ዓይነት ሞተርና አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ሁለት መኪናዎች በኋላቸው ፈጽሞ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ሼቭሮሌ ለደካማዎቹ ሞተሮች የጥርሳም ቀለበቱ ስፋት 8.2 ኢንች የሆነውን ባለ 10 ብሎን አክስል፣ ለኃይለኞቹ ደግሞ 8.875 ኢንች የሆነውን ባለ 12 ብሎን ይገጥም ነበር። ጎማውን የሚያዞሩት ዘንጎችም በመጀመሪያው 28፣ በሁለተኛው 30 ጥርስ አላቸው። ጂ80 የሚለውን ምርጫ ያዘዘ ሰው ፖዚትራክሽን ያገኛል፤ ይኸውም አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ኃይሉ ሁሉ ወደዚያው እንዳይፈስ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ይህንኑ መሰል መሣሪያ ፖንቲያክ ሴፍ ቲ ትራክ፣ ኦልድስሞቢል አንቲ ስፒን፣ ክራይስለር ሹር ግሪፕ፣ ኤኤምሲ ትዊን ግሪፕ ብለው ሸጠውታል።

ብሎን መቁጠር ብቻውን እንደማይበቃ ያስረዱኝም ጋሼ ናቸው። ኦልድስሞቢል ሽፋኑ 12 ብሎን ያለው፣ ቀለበቱ ግን 8.5 ኢንች የሆነ የራሱ አክስል ስለነበረው ክፍሎቹ ከሼቭሮሌው ጋር አይለዋወጡም። የሼቭሮሌ ፒክአፕ ባለ 12 ብሎን አክስልም ከመኪናው የተለየ ስለሆነ፣ «ባለ 12 ብሎን ነው» ተብሎ የሚሸጥ አሮጌ አክስል ስታገኙ ከምን ላይ እንደወረደ ሳታጣሩ ገንዘብ አትክፈሉ።

ስለ ፎርድና ስለ ክራይስለር ጠይቄያቸው የሰጡኝ ማብራሪያ ደግሞ ብዙ ባለቤቶች ቢሰሙት የምመኘው ነው። ፎርድ በ1957 ሞዴል ያወጣው 9 ኢንች የተወደደው መሃሉ ከፊት በኩል ተፈትቶ አንድ ላይ ስለሚወጣና ፒኒየኑ በሁለት ሳይሆን በሦስት ኩሽኔታ ስለተያዘ ነው። በአንጻሩ ፒኒየኑ ከቀለበቱ መሃል እጅግ ዝቅ ብሎ በመቀመጡ ጥርሶቹ ይበልጥ ይፋተጋሉ፤ በዚህም ሙቀት ይጨምራል፣ ከሞተሩም ጉልበት ጥቂት ይበላል። ደግሞም ሙስታንግ ሁሉ 9 ኢንች የለውም፤ ትንንሽ ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር ያላቸው ብዙዎቹ 8 ኢንች ይዘው ነው የወጡት። በ1969 ሞዴል 428 ኮብራ ጄት የተባለ ሞተር ባለው ሙስታንግ ላይ 3.91 ወይም 4.30 ሬሾ ያዘዘ ሰው ድራግ ፓክ የተባለውን ጥቅል ስለሚያገኝ፣ የሞተሩ የፒስተን ዘንጎች ሳይቀሩ በጠንካሮች ይለወጡና የዘይት ማቀዝቀዣ ይጨመርለት ነበር። የአክስል ምርጫ የሞተሩን የውስጥ አካል የወሰነበት እንዲህ ያለ ታሪክ እኔን እጅግ ያስደንቀኛል። ክራይስለር ደግሞ ከ1957 እስከ 1974 የሠራበት 8.75 ኢንች አክስል ነበረው፤ ከ1966 ጀምሮ ግን 426 ሄሚ ሞተር ከባለ አራት ማርሽ የእጅ ካምቢዮ ጋር ሲታዘዝ 9.75 ኢንች ቀለበት ያለው ዳና 60 ይገጠም ነበር፣ አውቶማቲኩ ግን በ8.75ቱ ይወጣ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፍሪሲዮን በድንገት ሲለቀቅ የሚመጣውን ምት አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለዝበዋል።

የእኔን መኪና በተመለከተ 4.10 ቢደረግ ምን እንደሚሻል ጠየቅኋቸው። የጎማዬን ቁመት ለክተው ሒሳቡን በወረቀት ሠሩልኝ። ጎማው 26 ኢንች፣ የካምቢዮው የመጨረሻ ማርሽም አንድ ለአንድ ስለሆነ፣ በሰዓት 65 ማይል ስነዳ ሞተሩ በ3.31 ወደ 2,780 ዙር፣ በ4.10 ግን ወደ 3,440 ዙር በደቂቃ ይዞራል። አውራ ጎዳና ላይ ለሚነዳ ሰው ይህ ልዩነት በነዳጅም በጆሮም የሚከፈል ነው። በተጨማሪም በዚህ አክስል ላይ ከ3.73 በላይ ለመውጣት ቀለበቱን የሚሸከመው ውስጣዊ አካል ጭምር መቀየር ይኖርበታል። ጋሼ ምርጫውን ለእኔ ተዉት፤ እኔም የፋብሪካው 3.31 እንዲቆይ ወሰንኩ።

ጩኸቱ የመጣው ካረጀው የፒኒየን ኩሽኔታ ነበር፤ ጥርሶቹ ደህና ነበሩ። ቀለበቱና ፒኒየኑ አብረው የተቆረጡ ጥንዶች ስለሆኑ አልለያዩዋቸውም። ኩሽኔታዎቹን ሁሉ ቀየሩ፤ የፒኒየኑን ጥልቀት የሚወስነውን ቀጭን የብረት ቀለበት ለክተው መነሻ አደረጉት፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለውን ተጨፍላቂ ቱቦ በአዲስ ተኩ፤ በጥርሶቹ መካከል ያለውንም ክፍተት ከ0.006 እስከ 0.008 ኢንች ባለው ወሰን ውስጥ አስገቡ። ከዚያ ጥርሶቹን ቢጫ ቀለም ቀብተው እያዞሩ የንክኪውን አሻራ አዩ፤ ወደ ጥርሱ ጫፍ ያደላ ስለመሰላቸው እንደገና ፈትተው አስተካከሉት። ይህን ሲያደርጉ ማንም አላስገደዳቸውም፤ ሥራው ደግሞ ከተዘጋ በኋላ የማይታይ ነው። የፖዚትራክሽኑን የሰበቃ ሳህኖችም አድሰው፣ ለዚህ ዓይነት ዲፈረንሻል የሚጨመረውን ልዩ ፈሳሽ ከዘይቱ ጋር አብረው ሞሉ። አሁን መኪናዬ በየትኛውም ፍጥነት ጸጥ ብሎ ይሄዳል።

ዋጋውን ሥራው ሳይጀመር በጽሁፍ ሰጡኝ፤ መጨረሻ ላይም የከፈልኩት ያንኑ ነው። የተቀየሩትን አሮጌ ክፍሎች አንድ በአንድ ምክንያታቸውን እያሳዩ መለሱልኝ። የባለ 12 ብሎኑን ድክመትም አልደበቁኝም፤ ዘንጎቹ የሚያዙት በውስጥ በኩል ባለች ትንሽ መቆለፊያ ስለሆነ፣ ዘንግ ከተሰበረ ጎማው ከነዘንጉ ሊወጣ ይችላል። በ9 ኢንቹ፣ በ8.75ቱና በዳና 60 ግን ዘንጉ የሚያዘው በውጭ በኩል ነው። ስለዚህ ሰፊ የውድድር ጎማ አድርጎ ድራግ (አጭር የቀጥታ መንገድ የፍጥነት ውድድር) ለሚወዳደር ሰው እሳቸው ራሳቸው ወደ ሌላ አክስል እንዲሄድ ይመክሩታል።

ወደ እሳቸው ለመሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ሞተርና ካምቢዮ አይሠሩም፤ ወረፋቸውም ረጅም ነው። ከመሄዳችሁ በፊት መኪናው ጂኤም (እንደ ሼቭሮሌ፣ ፖንቲያክና ኦልድስሞቢል ያለ) ከሆነ በአክስሉ ቱቦ ላይ የተመታውን ምልክት፣ ፎርድ ከሆነ ደግሞ በዲፈረንሻሉ ብሎን ላይ የምትታሰረውን ትንሽ ሳህን ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። በፎርዱ ሳህን ላይ በሬሾው ቁጥሮች መካከል ኤል የምትለዋ የእንግሊዝኛ ፊደል ካለች አክስሉ መንሸራተትን የሚገታ ነው ማለት ነው። የጎማችሁን ቁመትና መኪናውን የት እንደምትነዱት ጨምራችሁ ንገሯቸው፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።

ጋሼ፣ ይህ ጽሁፍ ከደረሰዎት፣ ስለ ጥንቃቄዎና ስለ እውነተኛነትዎ ከልብ አመሰግናለሁ።