ጅቡን ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ፦ ጀጎል በእግር

አቦ፣ እኔ የድሬ፣ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ሐረር ስንቴ እንደሄድኩ ቆጥሬ አላውቅም። ሠርግ፣ ለቅሶ፣ የጓደኛ ጉዳይ። ግን ጀጎልን፣ በግንብ የታጠረውን አሮጌውን ከተማ፣ አይተኸዋል ወይ ብትሉኝ እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ መልሴ ውሸት ነበር። በሸዋ በር ገብቶ ሳምቡሳ በልቶ መውጣት ማየት ከተባለ ሌላ ነገር ነው። የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥታ "አሳየኝ" ስትለኝ ነው የተጋለጥኩት።

ከድሬ 50 ኪሎ ሜትር ምናምን ነው። ደንገጎን ስትወጡ ሙቀቱ እዚያው ታች ይቀራል። ሹራብ ያዙ። የድሬ ሰው ይህን ሁልጊዜ ይረሳል፣ እኔም ረሳሁ።

አስጎብኚ ያዙ፣ ግን ዋጋውን መጀመሪያ ጨርሱ። በር ላይ ያገኘን አንዱ በአንድ ዋጋ ተስማምቶ መንገድ ከተጋመሰ በኋላ "በሰው እኮ ነው ያልኩት" አለን። ተጨቃጨቅን፣ ሸኘነው። ሁለተኛው ልጅ ግን አሪፍ ነበር። በአንድ ቀጭን መንገድ ውስጥ ለአንዷ እናት በሐረሪ፣ ለጫት ሻጯ በኦሮምኛ፣ ለእኛ በአማርኛ እያወራ ነው የሚሄደው። የአምስቱን በሮች ስም ጠየቀኝ። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር አልኩና አምስተኛው ጠፋኝ። ፈላና በር ነው። አፈርኩ።

ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር እንዳሠሩት ነው የሚነገረው። ውስጡ 48 ሄክታር ቢሆን ነው፣ ግን 82 መስጊድ አለበት፤ ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ ናቸው ይባላል። ቅዱሳን ያረፉባቸው ቦታዎች ደግሞ 102 ናቸው። ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው ይህንን ሁሉ ነው። እዚያ ስትሄዱ ግን ቁጥሩ አይደለም የሚሰማችሁ። መንገዱ እየጠበበ እየጠበበ ይመጣና ከፊት ለፊት አህያ ከመጣ አንዳችሁ ወደ ኋላ መመለስ አለባችሁ።

መኪና ግርግር የሚባለውን መንገድ እንዳታልፉት። ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው። የአክስቴ ልጅ የቦርሳዋ ዚፕ ተበላሽቶባት ነበር። አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ምንም ሳይሉ ከእጇ ተቀበሏት፣ የመኪናውን ፔዳል መቱ፣ በሻማ ቁራጭ ዚፑን አሹት፣ መለሱላት። ስንት ነው ስትላቸው "ሂጂ ልጄ" አሏት። ለዚህ ብቻ አምስት ኮከብ።

ከሁሉም የበለጠብኝ ግን የሐረሪ ቤት ነው። ቤታቸውን ለጎብኚ የሚከፍቱ ቤተሰቦች አሉ፤ ትንሽ ትከፍላላችሁ፣ ጫማ አውልቃችሁ ትገባላችሁ። ወንበር የለም። አምስት ከፍ ያሉ መደቦች አሉ፣ ነደባ ይሏቸዋል። እያንዳንዱ የራሱ ባለቤት አለው። የቤቱ ጌታ የሚቀመጥበት በሩን ያያል፣ ማን ገባ ማን ወጣ አያመልጠውም። እኔ ሳላውቅ ሄጄ እሱ ላይ ልቀመጥ ስል እናትየዋ ሳቁብኝ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌትና በሳህን ተሸፍኗል። ወለሉ ቀይ ነው፤ በ1887 እ.ኤ.አ. ከምኒልክ ጦር ጋር በተደረገው ውጊያ ጨለንቆ ላይ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ። እናትየዋ ይህን ሲነግሩን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ ወዲያው ቁጢ አቀረቡልን፣ በቡና ቅጠል የሚፈላውን፣ ወተት ያለው። ሁለት ጠጣሁ።

የራምቦ ቤትን በተመለከተ እውነቱን ልንገራችሁ። ፈረንሳዊው ገጣሚ ከ1880 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐረር እየመጣ ነግዷል፣ እሱ እውነት ነው። ቤቱ ግን እሱ ከሄደ በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። የእንጨቱ ሥራና ባለቀለም መስታወቱ ያምራል፣ የድሮ ሐረር ፎቶዎቹም ጥሩ ናቸው። "ገጣሚው እዚህ ተኝቶ" የሚል ካገኛችሁ ግን ፈገግ በሉና እለፉ። ጊዜ ካጠራችሁ ይህን ዝለሉና ራስ ተፈሪ ቤት ያለው የሸሪፍ ሙዚየም ግቡ። በእጅ የተጻፉ ቁርዓኖች፣ የሐረር ሳንቲሞች፣ የድሮ ልብስ፣ ሁሉም ተጠጋግቶ። መብራቱ ደካማ ነው፣ ጽሑፉም ትንሽ ነው፣ ግን ግቡ።

ምሳ የበላንበትን ስም አልጠራም። የአክስቴ ልጅ እንግሊዝኛ ቀላቅላ ስታወራ ሰምተው ነው መሰለኝ ሒሳቡ አበጠ። በምትኩ ጊድር መጋላ ሥጋ ተራ ሂዱ፣ ጭልፊቶቹ ከሰው እጅ ሥጋ ሲነጥቁ ታያላችሁ። ፌስታላችሁን ጠበቅ።

ጅብ የሚበላው፣ ማለትም ሰው በእጁ የሚያበላው፣ ሲመሽ ነው። ግንቡ ውስጥ ድሮ ጅብ እንዲገባና ቆሻሻ እንዲያጸዳ የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ፣ ቀን እነሱን ብታዩ ማታ የምታዩት ትርዒት ብቻ አይሆንባችሁም። የአክስቴ ልጅ በጥርሷ በያዘችው እንጨት አበላች። እኔ ቪዲዮ ቀረጽኩ፣ እጄ ስለተንቀጠቀጠ ጅቡ አይታይም።

አንድ ነገር፦ ከዚያ በኋላ ወደ ድሬ ሚኒባስ ማግኘት ዕድል ነው። እኛ ስልክ ደውለን ከድሬ ዘመድ መጥቶ ወሰደን፣ መንገዱን ሙሉ ሲሰድበኝ ነው የመጣው። እዚያው እደሩ።