ሱባ ጫካ ውለን በሰላም ለመመለሳችን ምክንያት የሆኑት መካኒክ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆች። ይህን ምስጋና በማግስቱ መጻፍ ነበረብኝ፤ ሥራ ወጥሮ ይዞኝ ሁለት ሳምንት አለፈ። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ሰባት መኪናና አራት ሞተር ሆነን መናገሻ ሱባ ጫካ ዋልን። ማታ ሁሉም በራሱ ጎማ ቤቱ ገባ። በሎቤድ ተጭኖ የመጣ መኪና የለም፣ የተጎዳ ሰውም የለም። ከፈጣሪ ቀጥሎ ለዚህ የማመሰግናቸው ሰው ጎፋ አካባቢ ትንሽ ጋራዥ ያላቸው መካኒካችን ናቸው። «ስሜ በአደባባይ አይጻፍ» ስላሉኝ እኛ እንደምንጠራቸው ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ለማታውቁት ላስረዳ። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ጠፈፍ ማለት ሲጀምር ጓደኛሞች ተሰባስበን ከአስፋልት እንወርዳለን። ውድድር አይደለም፤ ማን ቀደመ፣ ማን ኋላ ቀረ የሚባል ነገር የለም። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ሲመላለስ የከረመ መኪና ጭቃና ዳገት ላይ ምን እንደሚሆን፣ ሹፌሩም ሲደነግጥ እጁና እግሩ ምን እንደሚያደርጉ የሚታይበት ቀን ነው። ፎር ዊል መኪና እየነዳ አንድ ቀን እንኳ ፎር ዊል አስገብቶ የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቤተሰቡን ጭኖ ገጠር ከመውረዱ በፊት አንድ ቀን ከሚያውቅ ሰው ጋር ጭቃ ላይ ቢውል ደስ ይለኛል። እኛ የሚያውቅ ሰው አገኘን፤ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ጋሼን አብረውን እንዲሄዱ ስንለምናቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ያላየሁት መኪና ካለ እኔ የለሁበትም» አሉ። ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተራ በተራ ጋራዣቸው ቀረብን።

የኔ መኪና አሮጌ ሃይሉክስ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ሌላ ቦታ ለ«ሙሉ ምርመራ» ከፍዬበት፣ ከሥሩ ምንም የለበትም ተብዬ ተሸኝቻለሁ። ስለዚህ ጋሼ ዘንድ የሄድኩት ለደንቡ ያህል ነበር። ክሪክ አግብተው የፊቱን ግራ ጎማ ከመሬት አነሱት። ረዘም ያለ ብረት ከጎማው ሥር ሰክተው ወደ ላይ ሲፈነቅሉት ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ። እኔ ከምንም አልቆጠርኩትም። እሳቸው ግን «ና እስቲ፣ እጅህን እዚህ አድርግ» ብለው ጣቶቼን የታችኛው ቦል ጆይንት (ጎማውን ከመኪናው ክንድ ጋር የሚያያዘው መገጣጠሚያ) ላይ አስቀመጡና ረዳታቸውን «ደግመህ ፈንቅል» አሉት። ብረቱ በጣቶቼ ሥር ሲዘል ተሰማኝ። ሊወልቅ የደረሰ ጥርስ በምላስ ሲነካ የሚሰማው ዓይነት ስሜት ነው።

«ይሄ አስፋልት ላይ ዝም ይልሃል። ድንጋይ ላይ ወጥተህ ከወለቀ ግን ጎማው ይተኛና መኪናው በአፍንጫው ይቆማል። ቁልቁለት ላይ ከሆነማ አልነግርህም» አሉኝ።

የሚገዛውን እቃ በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። እግረ መንገዴን አሞርዛተሩንም (ንዝረት የሚያበርደውን) ልቀይረው ወይ ብላቸው «ገና አንድ ዓመት ይሠራልሃል፤ ገንዘብህን ያዝ» ብለው ከለከሉኝ። መካኒክ አትቀይር ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው። ዓርብ ጠዋት ቦል ጆይንቱን ገጠሙት። ለምርመራውና ለእጃቸው በጠቅላላ የተቀበሉኝ 2,000 ብር ነው።

የአንዲት እህታችን ቪታራ ላይ ያዩት ደግሞ የፍሬን ዘይቱን ነው። በሲሪንጅ ትንሽ ስበው ነጭ የፕላስቲክ ክዳን ላይ ጠብ አደረጉት፤ ያደረ ሻይ ይመስላል። ከጎኑ አዲሱን ዘይት ጠብ ሲያደርጉት ልዩነቱን ለማየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም ነበር። የፍሬን ዘይት እያደር ከአየር እርጥበት ይስባል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ያ እርጥበት ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል። ዘይት ሲጫኑት አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል፤ ስለዚህ ፔዳሉ ምንም ሳይዝ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ይህን ሁሉ ለእሷ ሲያስረዱ እኛም ዙሪያቸውን ከበን እንሰማለን። በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየር የሚባለውን ዘይት፣ መኪናውን ከገዛች ጀምሮ ቀይሪው ያላት ሰው አልነበረም። ዓርብ ዕለት አስቀየረች።

አንድ ወንድማችን ራቭ ፎሩን ይዞ ቀርቦ ነበር። ጋሼ ጎማዎቹን ጎንበስ ብለው አዩና ጎናቸው ተሰነጣጥቆ ክሩ ብቅ ማለት መጀመሩን አሳዩት። «በዚህ አትሄድም» አሉት፣ በቃ። አኩርፎ ነበር። ቅዳሜ ግን በኔ መኪና አብሮን ሄደ፤ አሁን አራቱንም ጎማ ቀይሯል።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አየር ጤና ተገናኝተን ተነሳን። ዓለም ገናን፣ ሰበታን አልፈን ከአስፋልቱ ወደ ቀኝ ስንታጠፍ ጋሼ ሁሉንም አስቁመው የጎማ ንፋስ አስቀነሱን፤ 32 ፒኤስአይ የነበረውን ወደ 20። ንፋሱ ሲቀንስ ጎማው ይሰፋል፣ መሬቱንም በሰፊው ይረግጣል። ከዚያ እሳቸው ከሁሉም ኋላ ሆኑ። ሕጋቸው አጭር ነው፦ እያንዳንዱ ሹፌር ከኋላው ያለውን በመስታወት ይይ፤ ካጣው ይቁም። ቀኑን ሙሉ የጠፋ ሰው ያልነበረው በዚህች ሕግ ነው።

ዋልካ መሬት ላይ የሄደ ያውቀዋል፤ ከላይ የደረቀ ይመስላል፣ ከሥሩ ሊጥ ነው። አንዱ ላንድክሩዘር እስከ ሆዱ ሰመጠ። ሌላው ደግሞ ጭቃውን ለመሸሽ በጤፍ ማሳ ዳር ሊያልፍ መሪውን ሲጠመዝዝ ጋሼ ከኋላ ሮጠው መጥተው መስኮቱን መቱት። «የሰው እንጀራ ላይ ነው የምትሄደው» አሉት። ማሳው ዳር የቆሙትን ገበሬ በኦሮምኛ ሰላም ብለው ይቅርታ ጠየቁ፤ ሰውየውም ልጆቻቸውን ጠርተው ድንጋይ እያቀበሉ አገዙን። የሰመጠውን ስንጎትት ጋሼ ገመዱ መሃል ላይ ብርድ ልብስ ጣል አደረጉና ሁላችንንም ከገመዱ መስመር አራቁን። ገመድ ሲወጠር ቆይቶ ቢበጠስ እንደ ጅራፍ ነው የሚመጣው፤ ብርድ ልብሱ ግን ወደ መሬት ያወርደዋል። መኪናው በሁለተኛው ስበት ወጣ።

ሱባን ላላያችሁት፣ በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ ያለ ጥንታዊ የጽድ ደን ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ዛፎቹ ሥር ስትገቡ የሞተሩ ድምፅ ራሱ የሚቀንስ ይመስላል። ጉሬዛዎቹ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ ነጭ ጭራቸው ይታያል። በር ላይ ተመዝግበን፣ ከፍለን፣ መኪና ከተፈቀደለት መንገድ ላንወጣ ተስማምተን ገባን። ጋሼ በዚህ ጉዳይ ከጥበቃዎቹ ይበልጥ ጥብቅ ናቸው። አንዱ ሞተር ላይ ዘይት ሲጨምሩ ከሥሩ ለሁለት የተቆረጠ ጀሪካን አስቀመጡ፤ የፈሰሰችውን ጠብታ ይዘው ነው ከተማ የተመለሱት።

ሽቅብ እየወጣን ሳለ አንዱ ሞተር ሳይክል፣ ሆንዳ ኤክስኤል፣ እያነቀው መጥፋት ጀመረ። የሞተሩ ባለቤት ወጣት ነው፤ ፊቱ ላይ ላብና ጭንቀት ይታያል። ጋሼ ካንዴላውን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥል ብልጭታ የሚሰጠውን) ፈትተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡት፤ ጫፉ ጥቀርሻ ለብሷል። «ልጄ፣ ሞተርህ አልታመመም፤ አየር አጥቶ ነው» አሉት። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የወጨጫ ጫፍ ደግሞ 3,385 ሜትር ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ግን ይህን ስለማያውቅ ያንኑ ቤንዚን ይሰጣል፤ ስለዚህ ቤንዚኑ በዝቶ ካንዴላው ይጠቁራል። ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ ያጣል ብለውም ነገሩን። ከደረት ኪሳቸው አንድ ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ አወጡ። ውስጡ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ የነሐስ ብልቶች አሉ፤ ቤንዚን የሚያሳልፈው ቀዳዳቸው የተለያየ ነው። አንዷን ወደ ብርሃን አንስተው በአንድ ዓይናቸው አዩባት፣ መለሷት፣ ሌላ አነሱ። ካርቡራተሩን ፈትተው፣ ቀዳዳው ጠበብ ያለውን ገጥመው፣ የአየር ፊልትሮውን አራግፈው ሲጨርሱ ሃያ ደቂቃ አልሞላም። ሞተሩ በመጀመሪያው እርግጫ ተነሳ። ልጁ አቅፎ ሳማቸው።

ዋናው ነገር የመጣው ስንወርድ ነው። ከቀትር በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ረጅሙን ቁልቁለት ግማሽ እንዳለፍን የተቃጠለ ሽታ ሸተተኝ። ከፊቴ ያለው የቪታራው የፊት ጎማ ጭስ እያወጣ ነው። እህታችን ቁልቁለቱን በሙሉ እግሯን ከፍሬን ላይ ሳታነሳ ነው የወረደችው። ጡሩምባ ነፋሁ፤ ቆመች። ፔዳሉ ያዘላት። አንዱ ወንድማችን የውሃ ጀሪካን ይዞ ሲሮጥ ጋሼ ከኋላ «ተው! እንዳታፈስበት!» ብለው ጮኹ። የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያፈሱበት ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ግማሽ ሰዓት ዝም ብለን ጠበቅን። እሷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ልጆቿን ቤት ትታ ነው የመጣችው።

ጋሼ አልተቆጧትም። አጠገቧ ተቀምጠው ዳቦ ቆርሰው ሰጧት። ፍሬኑ ሲቀዘቅዝ «ጋሼ፣ እርስዎ ይንዱት» ብላ ቁልፉን ዘረጋችላቸው። አልተቀበሏትም። «አንቺ ነሽ የምታወርጂው፤ እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ» አሏት። ፎር ሎው (አራቱም ጎማ በዝግታና በጉልበት የሚዞርበትን) አስገቡ፣ ማርሹን ኤል፣ ማለትም ዝቅተኛው ላይ አደረገች። እኔ ከኋላ በእግሬ እየተከተልኩ በተከፈተው መስኮት ድምፃቸውን እሰማለሁ፦ «እግርሽን አንሺ... አንሺ እኮ፣ ሞተሩ ይይዝልሻል... እሰይ... አሁን ትንሽ ንኪና ልቀቂ...» የመኪናው የኋላ መብራት አልፎ አልፎ ብቻ ብልጭ እያለ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ እስከ ሜዳው ወረደች። ሜዳ ላይ ስትደርስ ሞተሩን አጥፍታ መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ጋሼ ከመኪናው ወርደው ጎማውን ሳይነኩ በእጃቸው ጀርባ ሙቀቱን ለኩና «ሐሙስ ዕለት ያ ዘይት ባይታይ ኖሮ» ብለው ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። እኔ ደግሞ የራሴን ግራ ጎማ እያሰብኩ ነበር። በዚያው ቁልቁለት፣ በዚያው ድንጋይ ላይ፣ በዚያ ቦል ጆይንት ልወርድ ነበር።

አስፋልቱ ዳር ስንደርስ ንፋስ ሞልተን፣ ቡሎኖችን ሁሉ እንደገና አጥብቀን፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ከተማ ገባን። ለቀኑ አዋጥተን የሰጠናቸውን ገንዘብ ቆጥረው ከፊሉን ለረዳታቸው ሰጡት፤ ያ ልጅ ቀኑን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ሲሠራ ነው የዋለው፣ እሱንም ከልብ አመሰግናለሁ።

አሁን መኪናችሁን እሳቸው ዘንድ ለመውሰድ ለምታስቡ፣ የማውቀውን በግልጽ ልንገራችሁ። ከሥር ያለ ሥራ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ የናፍጣ ሞተር፣ የካርቡራተር ሞተር ሳይክል፤ በነዚህ ዓይኔን ጨፍኜ እመሰክርላቸዋለሁ። በኮምፒውተር የሚታይ የአዳዲስ መኪና ችግር ካለ «የኔ ሙያ አይደለም» ብለው ወደሚያምኑት ሰው ይልኳችኋል። ቦታቸው ጠባብ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ከሦስት መኪና በላይ አይቀበሉም፤ ወረፋው አንዳንዴ ሳምንት ይፈጃል። «ዛሬ አድርሱልኝ» ብላችሁ አታጣድፏቸው፣ አይሆንላቸውም። የቀየሩትን አሮጌ እቃ በሙሉ በከረጢት አድርገው ይመልሱላችኋል፤ ካልሰጧችሁም ጠይቁ፣ ደስ ይላቸዋል። እሑድና የአቦ ዕለት ዝግ ናቸው።

ስልካቸውንና የጋራዡን አቅጣጫ ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄያለሁ፣ እልክላችኋለሁ። ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ። እድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥልን፤ እጅዎ ይባረክ። ቪታራዋን የምትነዳው እህታችንም ይህንኑ በሉልኝ ብላለች።

የሚቀጥለው ጉዞ ከጥምቀት በኋላ ነው። መሄድ የምትፈልጉ ከአሁኑ ንገሩኝ፤ ግን ሐሙስ ዕለት መኪናውን ጋሼ ዘንድ ለማቅረብ የተስማማ ሰው ብቻ ነው የምመዘግበው።