«የዕድሜ ልክ ፕሪሚየም» ከቴሌግራም አትግዙ

ይህን የምጽፈው ለሠርግ ካርድ ሠሪዎች፣ ለሎጎና ባነር ዲዛይነሮች፣ ለፎቶ ቤቶችና ለቪዲዮ ኤዲተሮች ነው። በተለይ ብቻቸውን ወይም ከአንድ ሁለት ሰው ጋር ለሚሠሩ። ቴሌግራም ላይ «ካንቫ ፕሮ ላይፍታይም»፣ «አዶቢ ሙሉ ፓኬጅ የዓመት» እየተባለ የሚሸጠውን የዲዛይን ሶፍትዌር አትግዙ። ገዝታችሁ ከሆነም ሥራችሁን ዛሬውኑ አውጡ። አወጣጡን ከታች ጽፌዋለሁ።

ሰው ለምን እንደሚገዛ ይገባኛል። ሶፍትዌሩ የሚሸጠው በዶላር ነው። በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ለብዙዎቻችን ቀላል አይደለም። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ያው የዶላር ዋጋ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ሻጩ በቴሌብር ጥቂት መቶ ብር ይቀበልና ወዲያው «ገብቷል፣ ሞክሩት» ይላል። ይሠራልም። ጉዱ የሚመጣው ቆይቶ፣ ሥራው ከተጠራቀመ በኋላ ነው።

ከካንቫው ልጀምር፤ ብዙ ሰው የተጎዳው በእሱ ነው። ሻጩ የሚሰጣችሁ የራሳችሁ የሆነ ፕሮ አካውንት አይደለም። ኢሜይላችሁን ይቀበልና የቡድን ግብዣ ይልክላችኋል። ግብዣውን ስትቀበሉ እሱ አድሚን የሆነበት ቡድን አባል ትሆናላችሁ። ብዙዎቹ ቡድኖች ካንቫ ለትምህርት ቤት መምህራንና ተማሪዎች በነጻ በሚሰጠው ፕሮግራም የተከፈቱ ናቸው። ሰውዬው ለተማሪ የተሰጠ ነጻ ነገር ነው የሚሸጥላችሁ።

ከዚያ በኋላ የምትሠሩት ዲዛይን ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ቡድን ውስጥ ነው። የግል አካውንታችሁ ውስጥ አይደለም። አድሚኑ ሲያስወጣችሁ፣ ወይም ካንቫ ቡድኑን ሲዘጋው፣ እዚያ የሠራችሁትን መክፈት አትችሉም። አድሚኑ ሲያስወጣችሁ ዲዛይኖቻችሁን ወደ ራሱ ማዛወርም ይችላል። የማን እንደሆነ የማታውቁት ቤት ውስጥ ዕቃችሁን ከታችሁ ቁልፉን ለሌላ ሰው እንደመተው ነው።

አንዲት የማውቃት የሠርግ ካርድ ሠሪ ይህ የደረሰባት በጥር ነው። ጥር ለእኛ ሙያ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። የሠርጉ ሁሉ ጥሪ በአንድ ወር ይደራረባል። አንድ ቀን ጠዋት ካንቫዋን ስትከፍት ከበፊት የቀሩ ጥቂት የሙከራ ሥራዎች ብቻ ነበሩ። ቀብድ የተቀበለችባቸው ካርዶች፣ የደንበኞቿ ሎጎ፣ ለዓመታት ያሳመረቻቸው ቴምፕሌቶች የሉም። ሻጩን ጻፈችለት፤ ብሎክ አደረጋት። ቻናሉ ግን ያንኑ ማስታወቂያ መለጠፉን ቀጥሎ ነበር። ለደንበኞች ለማሳያ የላከቻቸውን ምስሎች ከቴሌግራም እየለቀመች ካርዶቹን እንደ አዲስ ሠራች። ሁሉንም ግን አላደረሰችም። ቀብድ የመለሰችላቸው አሉ። ከሁሉ በላይ ያሳዘናት፣ ለእህቷ ጓደኛ የገባችውን ቃል አለመጠበቋ ነው። ይህች ሴት በሙያዋ ጎበዝ ናት። አልሰነፈችም፣ አልተዘናጋችም። የሸጡላት ነገር ከመጀመሪያውም የሚሸጥ አልነበረም።

ደግሞ ደረሰኝ የለም። ብሩ የሚገባው ወደ ግለሰብ ቁጥር ነው። ንግድ ፈቃድ ያላችሁ ሰዎች በወጪ ልታስመዘግቡት አትችሉም። የምትከሱት ድርጅትም የለም።

የአዶቢው ሽያጭ መልኩ ይለያል። እዚያ የሚሸጥላችሁ ለብዙ ሰው የተከፋፈለ የአንድ ሰው አካውንት ነው። የግለሰብ አካውንት የሚከፈተው ቢበዛ በሁለት ኮምፒውተር ላይ ነው። ሌላው ገዢ ሲገባ እናንተ ትወጣላችሁ። እሱ ትንሹ ጉዳት ነው። የአዶቢን የፎቶ ማረሚያ፣ ላይትሩምን፣ በዚያ አካውንት ከፍታችሁ ፎቶ ወደ ክላውድ ከላካችሁ፣ ፓስወርዱ ያለው ሰው ሁሉ ፎቶውን ያያል። የሰው ሠርግ፣ የሰው ልጅ ክርስትና፣ የሙሽራ የመዋቢያ ክፍል ፎቶ። ደንበኛችሁ ያመነችው እናንተን ነው። ምስሏን የማታውቁት ሰው እንዲያየው አላለችም።

«ላይፍታይም አዶቢ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ደግሞ ውሸት መሆኑን ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋችሁም። አዶቢ ፎቶሾፕንና ኢሉስትሬተርን አንዴ ተከፍሎበት ለዘለቄታው በሚያዝ መልክ ያወጣው ለመጨረሻ ጊዜ በ2012 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሲኤስ 6 የሚባለው። ከ2013 ጀምሮ የሚመጣው አዲስ ሥሪት ሁሉ በኪራይ ነው። የዕድሜ ልክ የሚባል አዲስ ፎቶሾፕ የለም።

ሦስተኛው ክራክ ነው፤ የፈቃድ ቁልፉ ተሰብሮ ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተደረገ ሶፍትዌር። ኮምፒውተር ጥገና ቤት በፍላሽ የሚጫነውም፣ ከቴሌግራም የሚወርደውም ያው ነው። «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ካላችሁ እዚያው አቁሙ። ስቶፕ ወይም ዲጄቪዩ የሚባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ በዋናነት የተሰራጨው በክራክ ሶፍትዌር በኩል ነው። ፎቶውን፣ ቪዲዮውን፣ የዲዛይን ፋይሉን ሁሉ ይቆልፋል። የተሰካ ሃርድ ዲስክ ካለም እዚያ ያለውን አይምርም። ከዚያ የጽሁፍ ፋይል ያስቀምጣል፦ አንድ ሺህ ዶላር ገደማ ክፈሉ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከጻፋችሁልን ግማሹን ይላል። ለፎቶ ቤት ይህ ማለት ገና ያልተረከቡት የሠርግ ቪዲዮዎች ጠፉ ማለት ነው። ያንን ቀን ደግሞ ማንም ድጋሚ ሊያስቀርጸው አይችልም።

ሌላ ዓይነትም አለ። ምንም ሳይቆልፍ በዝምታ ብራውዘሩ ላይ የተቀመጡትን ፓስወርዶችና የገባችሁባቸውን አካውንቶች ይሰርቃል። የፌስቡክ ገጻችሁ በሌላ ሰው እጅ የሚገባው አንዳንዴ እንዲህ ነው። ለእኛ ገጹ ሱቃችን ስለሆነ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ሕጋዊውን መንገድ ለምትመርጡም አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ዘመድ በካርዱ እንዲከፍልልን እንጠይቃለን። ጥሩ ነው። ግን አዶቢ ላይ ስትመዘገቡ የክፍያውን ዓይነት በደንብ አንብቡ። በወር ሲታይ ረከስ ያለው አማራጭ የዓመት ውል ሆኖ በየወሩ የሚከፈል ነው። ከ14 ቀን በኋላ ካቋረጣችሁት ከቀሪው የዓመቱ ክፍያ ግማሹን ያስከፍላል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. አዶቢን የከሰሰው ይህን ክፍያ ከደንበኞች ደብቋል፣ ማቋረጡንም አክብዷል ብሎ ነው። የማቋረጫው ክፍያ የሚቆረጠው ከዘመዳችሁ ካርድ ነው። ለአንድ ሥራ ብቻ የምትፈልጉት ከሆነ ወርሃዊውን ውሰዱ። ለወሩ ይወደዳል፣ ግን ከወሩ በኋላ ትለቁታላችሁ።

ታዲያ በምን እንሥራ? እዚህ ላይ ዘመኑ ለእኛ ጥሩ ነው። አፊኒቲ የሚባለውን የዲዛይን ሶፍትዌር ካንቫ በ2024 እ.ኤ.አ. ገዛው፤ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፎቶ ማረሚያውን፣ የቬክተር ሥዕሉንና የገጽ አቀማመጡን በአንድ አዋህዶ በነጻ አወጣው። የካንቫ አካውንት መክፈት ብቻ ይጠይቃል፤ የሚከፈልባቸው የኤአይ መሣሪያዎቹ ናቸው። ማተሚያ ቤት በሚጠቀምበት የቀለም አሠራር፣ በሲኤምዋይኬ፣ መሥራት ይችላል፣ የፎቶሾፕ ፋይልም ይከፍታል። ለማተሚያ ቤት ሥራ በእኔ ግምት የመጀመሪያው ምርጫ መሆን ያለበት እሱ ነው። ለቪዲዮ ዳቪንቺ ሪዞልቭ አለ። ነጻው ሥሪት እስከ 4ኬ ያወጣል፣ ውኃ ምልክት አያስቀምጥም። ኮምፒውተራችሁ ደካማ ከሆነ ግን ይከብደዋል፤ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። ፎቶፒያ ምንም ሳይጫን ብራውዘር ላይ ይሠራል፣ ለፈጣን እርማት ይበቃል። ኢንክስኬፕ፣ ክሪታና ብሌንደርም ሙሉ በሙሉ ነጻ ናቸው። ነጻው ካንቫ ራሱ ለማኅበራዊ ሚዲያ ፖስተር ብዙ ያስኬዳል። የግዕዝ ፊደል ስትፈልጉ ኖቶ ኢትዮፒክንና አቢሲኒካን አውርዱ፤ ሁለቱም ለንግድ ሥራም የተፈቀዱ ነጻ ፎንቶች ናቸው።

አዲስ ሶፍትዌር መልመድ ያደክማል። የእጅ ልማድ አለ፣ አቋራጭ ቁልፎቹ ይለያያሉ። ሥራ በሚቀንስበት ወቅት፣ ለምሳሌ በዐቢይ ጾም ሠርግ በማይኖርበት ጊዜ፣ አንድ የቆየ ሥራችሁን ወስዳችሁ በአዲሱ ድጋሚ ሥሩት። በሠርግ ሰሞን አትጀምሩት።

አሁን ለገዛችሁት። ካንቫ ውስጥ ስማችሁን ወይም ፎቷችሁን ስትነኩ የትኛው ቡድን ውስጥ እንዳላችሁ ያሳያል። የማታውቁት ትምህርት ቤት ወይም ሰው ስም ካያችሁ እዚያ ያለው ሥራ በእናንተ እጅ አይደለም። አስፈላጊዎቹን ዲዛይኖች አንድ በአንድ በኅትመት ጥራት ፒዲኤፍ አውርዱ። ፒዲኤፉን በግል አካውንታችሁ መልሳችሁ ስትጭኑት አብዛኛው ክፍል እንደገና የሚታረም ሆኖ ይከፈታል። አማርኛው ጽሁፍ ሊዛባ ስለሚችል እያንዳንዱን አስተያዩ። ቀድማችሁ ገና ያልተረከቡትን ሥራዎች አውጡ፤ ከዚያ ሎጎዎችን፣ ከዚያ ቴምፕሌቶችን። ሳትጨርሱ ከቡድኑ አትውጡ፤ ሻጩንም አትጨቃጨቁ፣ ተናዶ ሊያስወጣችሁ ይችላል።

የጋራ አዶቢ ያላችሁ፣ ክላውድ ላይ ያለውን የደንበኛ ፎቶ ወደ ሃርድ ዲስካችሁ አውርዳችሁ ከዚያ አጥፉት፤ ከተሰረዙት ማስቀመጫም አጽዱት። ክራክ የጫናችሁ ደግሞ ሥራችሁን ብቻ ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ፣ ሃርድ ዲስኩን ንቀሉት፣ ከዚያ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ አስጭኑ። ፓስወርዶቻችሁን ከሌላ ንጹሕ ስልክ ቀይሩ። ቴሌግራም ላይ «ዲቫይስ» የሚለውን ከፍታችሁ የማታውቁት መሣሪያ ካለ አስወጡት።

የሻጩን ቻናል ለቴሌግራም ሪፖርት አድርጉ፣ ማስታወቂያውንም ለማንም አታስተላልፉ። በምታወጡበት ጊዜ የማይከፈት ፋይል ከገጠማችሁ ጻፉልኝ፤ የምችለውን እረዳለሁ።